ትኩሳቱ ከለቀቀኝ በኋላ

ትኩሳቱ የለቀቀኝ ዕለት ቤታችን ደስታ ሆነ። አማቴ እማሆይ ግንባሬን በመዳፋቸው ዳስሰው «ተመስገን፣ በረደላት» አሉ። ባለቤቴ ደሳለኝም ከስንት ቀን በኋላ ተረጋግቶ ተቀመጠና እህል ቀመሰ። እኔ ግን ለሞት ከሁሉ ይልቅ የቀረብኩት ያን ዕለት ነበር። ይህን ገጠመኝ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው። ዛሬም በየመንደሩ ትኩሳቷ ወረደ ብለው «ዳነች» እያሏት የምትተኛ አራስ እንዳለች አውቃለሁ።

ስሜ ሰብለ ነው። ከገሳይ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼም፣ ጎረቤቶቼም፣ የባሌ ዘመዶችም ሰብዬ ነው የሚሉኝ። ምላሴ ፈጠን ይላል፣ ቀልድም እወዳለሁ፤ ይህ ጠባዬ ኋላ ላይ ሊያስገድለኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ከደሳለኝ ጋር ከተጋባን ብዙ ዓመት ልጅ ሳናገኝ ቆየን። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «ማርያም ስታውቅ» እያልኩ ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር።

በአንድ ግቢ የምንኖር ሁለት ቤተሰብ ነን። አንደኛው ቤት የእኛና የእማሆይ ነው። ሁለተኛው የደሳለኝ ታናሽ ወንድምና የሚስቱ የይታይሽ ነው። ይታይሽ የሐሙሲት ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ሥራ ስትሠራ ደግሞ አትናገርም። በዕድሜ ስለምበልጣት «እታለም» ትለኛለች። እኔ ሳረግዝ እሷ ወልዳ አማኑ የሚባል ልጇን ታጠባ ነበር።

ምጤ ፈጥኖ መጣ። አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ በማግሥቱ ይዘጋ ስለነበር ሳይደርስ ቀረ። እቤት ወለድኩ። ሴቶቹ ለሴት ልጅ የሚገባውን እልልታ አሉ። እማሆይ ግን ይቺ ስንት ዓመት የተጠበቀች ናት ብለው ጨምሩበት አሏቸው። ልጄን ፍቅርተ አልናት።

በቀናት ውስጥ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጠኝና ወዲያው ሰውነቴ እሳት ይሆናል። ከእምብርቴ በታች ያለው ቦታ ሲነካ ያመኛል። የሚወርደው ደምም ሽታው ተለውጦ ነበር። ይህን የምታነቢ እናት ወይም እኅት ካለሽ አትፈሪ፣ ለሰው ንገሪ፤ እኔ ግን ለማን ይነገራል ብዬ ዋጥኩት።

እማሆይ «ምች ነው» አሉ። ዳማከሴ ጨምቀው አሹኝ፣ አጠጡኝ። በሩ ላይ ጋቢ ተጋረደ፣ ንፋስ እንዳይገባ ቀዳዳው ሁሉ ተወተፈ። አራስ ልጇ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አትወጣምና እኔን ሐኪም ዘንድ መውሰድ የሚባል ነገር ማንም አላነሣም። ደሳለኝ ግን አላስችል ብሎት ገሳይ ወርዶ አንድ ክሊኒክ ገባ። ትኩሳቱንም፣ ብርዱንም፣ ራስ ምታቱንም ራሱ እንደታመመ ሰው አድርጎ ተረከላቸው። «ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ኪኒን ሰጡት። ኪኒኑን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ላይ የነበረውን ተስፋ ሳስታውስ አሁንም አንጀቴን ይበላኛል። የእኔን ሕመም እሱ ሄዶ ታመመልኝ እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እየተንቀጠቀጥኩ ኪኒኑን ዋጥኩ።

ወሬው የደረሳት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን በእግሯ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ላብ በላብ ሆና ነበር። እማሆይ በር ላይ ቆመው ተቀበሏት።

«ልጄ፣ ኸመንገድ የመጣ ሰው አራስ ላይ ቀጥ ብሎ አይገባም። ፀሐይ ይዘሽ መጥተሻል። ጥላ ሥር አረፍ በይና ላብሽን አብርጂ» አሏት።

ልጅቱ ጨዋ ናት፤ እማሆይን ያህል ሰው ገፍታ አትገባም። ግቢው ውስጥ ተቀመጠች፣ ውኃ ቀረበላት፣ ጠበቀች። እሷ ውጭ ስትበርድ እኔም ውስጥ በረድኩ። ላብ አጥምቆኝ ትኩሳቱ ወረደ። ተፈቅዶላት ስትገባ መለኪያዋ ትኩሳት አላሳየም፤ እንዲያውም ከልኩ በታች ነበር። እጄን ይዛ «እጇ ለምን ቀዘቀዘ?» ብላ ጠየቀች። ጤና ጣቢያ እንድወሰድም ለመነች። እማሆይ «አሁንማ ተሻላት እኮ፣ እስቲ ነገ እንያት» ብለው ሸኟት። በክፋት አልነበረም። እማሆይ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱኝ፤ የሚወዱትን ሰው የሚጠብቁበት መንገድ እሱ ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የሆነውን እኔ አላስታውሰውም፤ ይታይሽ ናት የነገረችኝ። ፍቅርተን አጣጥባ፣ ጠቅልላ፣ እንዳጠባት ይዛልኝ መጣች። እኔም ልጅቱን ትክ ብዬ አይቼ «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አልኳት።

ይታይሽ ሳቀች። ቀልዴን ስለለመደችው «የንጉሥ ልጅ ናት» ብላ መለሰችልኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። «መልሺላቸው፣ እናቷ ትፈልጋታለች» አልኳት። ያን ጊዜ ቀረብ ብላ አየችኝ። ከንፈሬ ጠቁሯል፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ እተነፍሳለሁ፣ ከትናንት ጀምሮም ሽንት አልሸናሁም። ልጅቱን እንዳቀፈች ወጥታ እማሆይ ፊት ቆመች።

«እማሆይ፣ አንቱን ማዘዜ አይደለም። እታለም ልጇን አላወቀቻትም። ትሞትብናለች።»

ይታይሽ አማቷን ቀና ብላ የማታይ ሴት ናት። እማሆይ መቀነታቸውን አጠበቁና «ብረት አምጡልኝ። ቃሬዛም ይዘጋጅ» አሉ። አራስ ከቤት ከወጣች ክፉ እንዳያገኛት እጇ ላይ ብረት ይያዛል። ትንሿን ቢላ በነጠላ ጠቅልለው እጄ ውስጥ አስገቡና ጣቶቼን አጥፈው ያዙልኝ። ደሳለኝ «ልጅቱስ?» ሲል ይታይሽ ፍቅርተን አንድ ጡቷ ላይ፣ አማኑን ሌላው ጡቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። «ሂዱ ብቻ» አለችው።

ጎረቤቶቻችን ተፈራርቀው እስከ አስፋልቱ ተሸከሙኝ። ከዚያ አንድ ሚኒባስ ሰዎቹን አስጠጋግቶ ደብረ ታቦር አደረሰን። የሆስፒታሉ በር ላይ ጥበቃው ፈተሸንና ቢላዋን አገኘ። እማሆይ «የአራስ ብረት ነው፣ አትንካ» ብለው ተቆጡ። ሰውየው ትልቅ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «እማሆይ፣ ስለት ይዞ መግባት አይቻልም። እኔ ግን እሷን አስቤ ወገቤ ላይ እይዘዋለሁ። እኔ በሩ ላይ እስካለሁ ክፉ ነገር አያልፍም» አላቸው። እማሆይ አመኑት። እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሁሉ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኛቸው ወገቡን መታ መታ አድርጎ «አለ» ይላቸው ነበር አሉ። ስንወጣ ወልውሎ መለሰልን።

ውስጥ ገብተን ብዙ አላቆዩኝም፤ የደም ግፊቴ ወርዶ ነበር። ከእንግዴ ልጁ ቁራጭ ማኅፀኔ ውስጥ ቀርቶ መመረዙን አወቁ። አንዲት ወጣት ሐኪም ለደሳለኝ እንዲህ ብላ አስረዳችው፤ ኋላም ደግማ ነገረችኝ። «ኢንፌክሽኑ ከማኅፀኗ ተነሥቶ ወደ ደሟ ገብቷል። ሰውነቷ እሱን እከላከላለሁ ሲል የራሱን ኩላሊት፣ የራሱን ሳንባ መጉዳት ጀምሯል። ሴፕሲስ ይባላል። ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፣ ቅዝቃዜም ሊሆን ይችላል። ሰዓት አይሰጥም።» ማኅፀኔ ተጠረገ። በሁለቱም እጄ መድኃኒትና ግሉኮስ ገባ፣ አፍንጫዬ ላይ ኦክስጅን ተደረገ፣ ደሳለኝና ወንድሙ ደም ለገሱ። መድኃኒቱ ሲበዛ ደሳለኝ ፈረሱን ሸጠ። ያን ፈረስ እንዴት ይወደው እንደነበር ስለማውቅ እስካሁን ስለ ዋጋው ጠይቄው አላውቅም።

ነፍሴን ሳውቅ መጀመሪያ የፈለግኩት ልጄን ነው። «የት አለች?» ስላቸው «ይታይሽ ዘንድ ጠግባ ተኝታለች» አሉኝ። ሞታ እየደበቁኝ መሰለኝ። ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አንድ ሰው ልጅ ይዞልኝ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ የማን ናት እላለሁ። ይህን ፍርሃቴን ያቀለለችልኝ አጠገቤ የተኛች እናቷን የምታስታምም ሴት ናት። ቁጥሩን ከደሳለኝ ተቀብላ ስልኳን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች፣ ኔትወርክ ፈልጋ ደወለች፣ ይታይሽን አገኘቻትና መስመሩ ሳይቋረጥ ተመልሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። የፍቅርተን ለቅሶ ሰማሁ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሟ እንቁላልና ወተት ብይ አለችኝ፤ ጊዜው ጾም ነበር። እማሆይ ተጨነቁ። የንስሐ አባታችን ዘንድ አስደውለው ጠየቁ። አባም «ታማሚ ጾም የለባትም፣ አንቱ ራስዎ ላጥተው ያብሏት» አሏቸው። እማሆይ እንቁላሉን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው እየላጡ፣ ወደ እኔ ሳያዩ በእጃቸው እያቀበሉ አበሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፣ ቀጥለው አለቀሱ። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት ያቺን ልጅ ጥላ ሥር» አሉ። እጃቸውን ሳምኩ። ዛሬ በቀበሌያችን አራስ ባለችበት ቤት ሁሉ እየዞሩ «ስትሞቅም ሩጡ፣ ስትበርድም ሩጡ፤ ኸመንገድ የመጣ ሐኪም አታስቀምጡ» እያሉ የሚያስተምሩት እማሆይ ናቸው። እሳቸውን የሚሰማ ሰው እኔን ከሚሰማው ይበልጣል።

ከሆስፒታል ስወጣ መዳን ማለት እንደ በፊቱ መሆን ነው ብዬ አስብ ነበር። አይደለም። ጸጉሬ በእፍኝ ረገፈ። የመዳፌ ቆዳ ተላጠ። ከአልጋ እስከ በር ሄጄ እርሻ እንደ ዋለ ሰው እደክማለሁ። ጉልበቴና ጣቶቼ ያሙኛል፤ ጠመኔ ይዤ ጥቂት እንደጻፍኩ ከእጄ ይወድቃል። ትምህርት ቤት ተመልሼ የልጆቹን ስም ስጠራ ጠፋብኝ፤ ስንት ጊዜ የጠራሁት ስም። እነሱ ግን የቀለድኩ መስሏቸው ተሳሳቁ። ትንሽ ብርድ ባለኝ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ ትኩሳት መለኪያ ከቦርሳዬ አይለይም። ለክትትል ስመለስ ሐኪሟ ይህ ከሴፕሲስ የተረፉ ብዙ ሰዎች ላይ የሚቆይ መሆኑን ነገረችኝ። ስንፍና እንዳልሆነ፣ እብደትም እንዳልሆነ ነገረችኝ። ያን ዕለት ከመድኃኒቱ ሁሉ ይልቅ ይህ ቃሏ ረዳኝ። ሌላ ልጅ መውለድ ሊያስቸግረኝ እንደሚችልም አልደበቀችኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የልጄ ነገር ነው። ወተቴ ደርቆ ነበር። ቤት የገባሁ ቀን እጄን ዘረጋሁላት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ይታይሽ ልጅቱን ስታቀብለኝ ከሥር የራሷን እጅ አላወጣችም። እንዲያ አድርገን በአራት እጅ ያዝናት። ፍቅርተ ወፍራለች፣ ጉንጯ ሞልቷል። እኔን አይታ አለቀሰች፣ ፊቷንም ወደ ይታይሽ አዞረች።

ክርስትናዋ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ይዛት የገባችው ይታይሽ ነበረች፤ እኔ በደሳለኝ ክንድ ተደግፌ ከኋላ ተከተልኩ። ከሩቅ የመጣች አንዲት ዘመድ ልጅቱን ያቀፈችውን ይታይሽን ስማ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት። ይታይሽ ደንግጣ «እኔን አይደለም፣ እሷን ነው የማረቻት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ሴትዮዋም ዞራ ሳመችኝ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ድግስ አላየሁትም።

ልጅቱ አፏን ስትፈታ ይታይሽን «እማ»፣ እኔን «ሰብዬ» አለች። ሰው ሁሉ የሚለኝን ነው የሰማችው፤ ጥፋት የለባትም። በፍራሽ ጠርዝ ተደናቅፋ ስትወድቅ በአጠገቤ አልፋ ወደ ይታይሽ ትሮጣለች። ላዝላት ስል ጀርባዬ አይችልም፣ ላነሣት ስል እጄ ይከዳኛል። ቀናሁ። ይህን ቃል በሌላ ቃል መለወጥ አልፈልግም። ነፍሴን ያተረፈችልኝን፣ የእኔን ልጅ ከራሷ ልጅ እኩል ያጠገበችልኝን ሴት ቀናሁባት። ይታይሽም አወቀች። እኔ ወደ ቤታቸው ስገባ ጡቷን ትሸፍናለች፣ ልጅቱን ከጭኗ ታወርዳለች። በአንድ ግቢ እየኖርን መተፋፈር ጀመርን።

አማኑን ጡት ያስጣለችው ቀደም ብላ ነው። ፍቅርተን ግን ትንሽ ናት እያለች ትቀጥል ነበር። አንድ ቀን ጠዋት እኔ ስንዴ እየለቀምኩ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሰፌዱ ላይ አብራኝ ትለቅም ጀመር።

«እታለም፣ ፍቅርተን ጡት ላስጥላት ነው» አለች በመጨረሻ።

በእኛ አገር ልጅ ጡት ሲጥል እናቲቱ ጡቷን እሬት ትቀባለች። ልጁ ሲመርረው ይተዋል። እንዳይናፍቅም ለጥቂት ጊዜ ከእናቱ ርቆ ዘመድ ቤት ይቆያል። ስለዚህ «ታዲያ የት ልትሰጃት ነው? እናትሽ ዘንድ?» አልኳት። ድምፄ ውስጥ ቁጣ እንደነበረ አውቃለሁ።

«እሷ የትም አትሄድም። የምሄድ እኔ ነኝ» አለች።

በማግሥቱ እሬቱን ቀባች። ፍቅርተ እንደ ልማዷ ጭኗ ላይ ወጥታ ጡቷን ያዘች፣ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ይታይሽን ቀና ብላ አይታ አለቀሰች፤ የተከዳ ሰው ለቅሶ ነበር። ይታይሽ አማኑን አዘለች፣ ጡቷን በመቀነት ጠፍራ አሰረች፣ ወደ ሐሙሲት የሚሄድ መኪና ልትይዝ ወጣች። ዞራ አላየችም። እኔ ግን ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እነዚያ ቀናት ከባድ ነበሩ። ፍቅርተ በሩ ላይ ተቀምጣ «እማ» እያለች ትጣራለች። ብጠጋት ትገፋኛለች። ላነሣት ስለማልችል እኔም መሬት ላይ፣ ከእሷ ራቅ ብዬ እቀመጣለሁ። አጥሚት በጣቴ እያቀመስኩ፣ የክፍል ልጆቼን የማስቅበትን ተረት ሁሉ እያወራሁላት ዋልኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ደከማት። እየተጎተተች መጥታ ራሷ ጭኔ ላይ ወጣች። እጇን አንገቴ ሥር አስገብታ ደረቴን ፈለገች፤ እዚያ ምንም እንደሌለ ስታውቅ እጇን እዚያው ትታ እንቅልፍ ወሰዳት። እግሬ ደነዘዘ። ማንም ቀስቅሶ እንዳያነሣብኝ ደሳለኝን በዐይኔ አባረርኩት።

ይታይሽ የተመለሰችው ከገበያ ቀን በኋላ ነው። ፍቅርተ ስታያት በሩጫ ሄዳ እግሯን አቀፈች። ይታይሽ አማኑን ከጀርባዋ ሳታወርድ ጎንበስ አለችላት። ልጅቱ የቀሚሷን አንገትጌ ያዝ አደረገችና ቆመች። አሰብ አድርጋ «ይመራል» አለች። ከዚያም ወደ እኔ ተመልሳ ጉልበቴን ያዘች።

ይታይሽ ሳቀች። «ቀምሼው ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሆዷን እንዳያማት ብዬ መጀመሪያ እኔ ቀመስኩት።»

ሄጄ ፊቷ ተንበረከክሁና ጉልበቷን ሳምኩ።

«ኧረ በማርያም፣ እታለም፣ ታላቄ ነሽ፤ ምን እያደረግሽ ነው» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

ልነሣ ስል ጉልበቴ እንቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ይታይሽ ከሆስፒታል በተመለስኩ ሰሞን እንደምታደርገው በብብቴ ልታነሣኝ እጇን ስትዘረጋ ትንሽ እጅ እጅጌዬን ጎተተ። ፍቅርተ ናት፤ ባላት አቅም ሁሉ ወደ ላይ ትስበኛለች።

«እማ፣ ተነሽ» አለች።

ይታይሽ ቆማ ነበር። መሬት ላይ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።